ባዝራዋ ሰው ሆና ነቃች፣ ከዛስ? እንስሳ ሰው ስለሚሆንባቸው ልቦለዶች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሁለት አመት ሙሉ አንዲት ባዝራ ሴት ሆና የምትነቃበት ፋንታሲ ልቦለድ እየጻፍኩ ነው፣ እየጻፍኩ ስል ያው በአብዛኛው እየሰረዝኩ ማለቴ ነው። ድራፍቱን ያየ ሰው ሁሉ አስተያየት አለው፣ የሚገርመው ደግሞ የሁሉም አስተያየት አንድ አይነት መሆኑ ነው፣ እንዲህ አይነት ታሪክ እንዴት መሄድ እንዳለበት ሁሉም ሰው ያውቃል፣ እኔም ግማሹን አምኜ ጽፌው ነበር። በኋላ ሳነብና ሳጣራ ነው አብዛኛው ልክ እንዳልሆነ የገባኝ። እስቲ የሰማኋቸውን አንድ በአንድ ላንሳ፣ አንዳንዱ ላይ እቆያለሁ፣ አንዳንዱን በሁለት መስመር ነው የማልፈው። (አመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

«ይሄ እኮ የልጆች ተረት ነው»

የልጆች ተረት ቢሆን ኖሮ ፖሊስ አይወስደውም ነበር። ሚካኤል ቡልጋኮቭ በ1925 «የውሻ ልብ» የሚል ታሪክ ጻፈ፣ አንድ የሞስኮ ፕሮፌሰር የጎዳና ውሻ አምጥቶ ቀዶ ጥገና ይሰራበትና ውሻው ቀስ በቀስ ሰው ይሆናል። በ1926 የሶቪየት ሚስጥራዊ ፖሊስ የደራሲውን ቤት ፈትሾ የእጅ ጽሁፉን ይዞት ሄደ፣ መጽሀፉ እዛው አገሩ ውስጥ የታተመው በ1987 ነው፣ ሰውየው ደግሞ የሞተው በ1940። በቃ።

«ሰው እንስሳ ከሚሆንበት ታሪክ ጋር ያው ነው፣ ግልባጩ ነው»

«ካፍካን አንብቢና ገልብጪው» ያለኝ ሰው አለ፣ በቅንነት ነው። በ1915 በወጣው የደራሲው የካፍካ ታሪክ ላይ ጎርጎር የሚባል ሰውዬ ጠዋት ሲነቃ ራሱን ነፍሳት ሆኖ ያገኘዋል። (በነገራችን ላይ ሰው ሁሉ በረሮ ነው ይላል እንጂ ካፍካ በረሮ አላለም፣ የተጠቀመበት የጀርመንኛ ቃል የሚያስጠላ ተባይን በጅምላ የሚጠራ ነው፣ ለአሳታሚውም ሽፋኑ ላይ ነፍሳቱን እንዳትስሉት፣ ከሩቅም ቢሆን እንዳይታይ ብሎ ጽፏል።) ግን ዋናው ነገር ጎርጎር ሰውነቱ ይለወጥ እንጂ ጭንቅላቱ ሰው እንደሆነ ነው የነቃው፣ ባቡር አመለጠኝ፣ አለቃዬ ምን ይለኛል እያለ ይጨነቃል፣ አንባቢ ደግሞ ይሄን ጭንቀት ከራሱ ህይወት ያውቀዋል። የኔዋ ባዝራ ስትነቃ ምን እንደሚያስጨንቃት ግን ማንም ገብቶ አይቶ አያውቅም፣ እኔም ጭምር። ስለዚህ ሲገለበጥ ስራው ያው አይሆንም፣ በሩ የሚከፈተው በሌላ በኩል ነው።

እንደውም ሆን ብሎ የገለበጠ ደራሲ አለ። ዴቪድ ጋርኔት በ1922 አንዲት ወጣት ሚስት በድንገት ቀበሮ የምትሆንበትን ታሪክ ጻፈ፣ ፈረንሳዊው ቬርኮር ደግሞ በ1961 እሱን አይቶ ቀበሮ ሴት የምትሆንበትን ጻፈ። የመጀመሪያው ላይ ባል ሚስቱ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያለች ከእጁ ስትወጣ ያያል፣ ሀዘን ነው። ሁለተኛው ላይ ሰውነቷ የሴት ሆኖ ውስጧ ግን ገና ቀበሮ ነው፣ የሰው አእምሮ የሚመጣላት እያደር ነው፣ እሱ ደግሞ ሀዘን አይደለም፣ ህጻን ሲነቃ እንደማየት ነው። አንድ ሀሳብ ተገልብጦ ሁለት የማይገናኙ መጽሀፎች ወጡት።

«ሰው ስትሆን የፈረስ ጉልበቷም ፍጥነቷም አብሯት ይመጣል»

ይሄ ከፊልም የመጣ ነው የሚመስለኝ፣ በመጀመሪያው ድራፍቴ ላይ የኔዋም አጥር በአንድ ዝላይ ታልፍ ነበር፣ አሁን ሳየው አፍራለሁ። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ተጨማሪ ሀይል ስንሰጣት ለውጡን ራሱን ነው የምንሰርቀው፣ እንስሳ ሰው ሲሆን ከምንም በላይ የሚያጣው ነገር ነው ታሪኩ።

ፈረስ የምትቆመው በየእግሯ በአንድ ጣት ላይ ነው፣ ኮቴዋ ማለት የመሀል ጣቷ ጥፍር ነው። አይኖቿ በግራና በቀኝ ስለሆኑ 350 ዲግሪ ገደማ ዙሪያዋን ታያለች፣ የማይታያት ከግንባሯ ፊት ያለች ትንሽ ቦታና ቀጥታ ከጭራዋ በኋላ ያለው ብቻ ነው። የሰው ሁለት አይን ተደምሮ 200 ዲግሪ ገደማ ነው። እስቲ አስቡት፣ እድሜዋን ሙሉ ከኋላ የሚመጣ አውሬ እየጠበቀች የኖረች ፍጥረት በአንድ ሌሊት ግማሽ አለም ይጠፋባታል፣ ከኋላዋ ማን እንዳለ ለማወቅ መዞር አለባት፣ ስትዞር ደግሞ የፊቱ ይጠፋል፣ ጆሮዋ አይዞርም (ፈረስ ሁለቱን ጆሮዋን ለየብቻ ወደፈለገችበት ታዞራለች)፣ አፍንጫዋም ብዙ አይነግራትም። ይሄን ካነበብኩ በኋላ ነው ባዝራዬን በየትኛውም ትእይንት ላይ ጀርባዋን ለግድግዳ ሰጥታ ያስቀመጥኳት፣ አንባቢ አፈረች ብሎ ያስባል፣ እሷ ግን የማይታየኝን ግማሽ አለም ግድግዳው ያዘልኝ ብላ ነው።

ሌላም አለ፣ ፈረስ በአፏ አትተነፍስም፣ በአፍንጫዋ ብቻ ነው። ታድያ የመጀመሪያ ቀን ደንግጣ አፏን ከፍታ አየር ስትስብ ምን ይሰማታል? ፈረስ ማስታወክም አትችልም፣ ታድያ የሰው ሆድ ሲገለበጥባትስ? እኔ ይሄን ትእይንት ስጽፍ ሶስት ገጽ ሄደ፣ ድሮ አጥር የምትዘልበት ግን ሁለት መስመር ነበር።

የምታገኘውም ነገር የለም ማለት አይደለም። ፈረስ ቀይና አረንጓዴን አትለይም፣ ስለዚህ ሰው ስትሆን ቀይ ቀለም አዲስ ነው፣ ለሱ ቃልም ትዝታም የላትም። እግረ መንገዴን ውሻ ጥቁርና ነጭ ብቻ ነው የሚያየው የሚባለውም ስህተት ነው፣ ሰማያዊና ቢጫ ያያል፣ እንደ ፈረስ የሚቸገረው ቀይና አረንጓዴ ላይ ነው። ድመት ደግሞ ጣፋጭ የሚባል ጣእም አታውቅም፣ ለዛ የሚያስፈልገው ጂን አይሰራላትም፣ ድመት ሰው የምትሆንበት ታሪክ የሚጽፍ ሰው ካለ ማር የሚቀመስበትን ምእራፍ በነጻ ሰጥቼዋለሁ።

«ትንሽ ትደናገራለች፣ ከዛ ማውራት ትጀምራለች»

ምእራፍ ሁለት ላይ አረፍተ ነገር የምትሰካ ፈረስ! እኔም አድርጌዋለሁ፣ ምክንያቱም ዲያሎግ የሌለበት ልቦለድ ያስፈራል።

በ1800 ፈረንሳይ አቬሮን አካባቢ አንድ ልጅ ከጫካ ወጣ፣ 12 አመት ገደማ ይሆነዋል ተብሎ ተገመተ፣ ቪክቶር አሉት። ኢታር የሚባል ሀኪም 5 አመት ገደማ ለፍቶበት ልጁ መናገር የቻለው ጥቂት ቃል ብቻ ነው፣ አንዱ ወተት የሚለው ነበር፣ በ1828 ሲሞትም አፉን አልፈታም። ከመጀመሪያውም ሌላ ችግር ነበረበት የሚሉ አሉ፣ ይሁን፣ ግን ቪክቶር የሰው ልጅ ነበር፣ ምላሱም ጉሮሮውም ሙሉ። ጉሮሮ ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ደግሞ በ2016 ተመራማሪዎች የዝንጀሮ ዘር የሆነ ማካክ የሚባል እንስሳን ጉሮሮ በኤክስሬይ ቪዲዮ አይተው፣ ይሄ ጉሮሮ ለንግግር የሚበቃ ድምጽ ማውጣት ይችላል፣ የጎደለው ጉሮሮውን የሚያዝ አእምሮ ነው ብለዋል። ስለዚህ አስማቱ የሰው አፍ ብቻ ከሰጣት ዝም ነው የምትለው። አስማቱ ቋንቋም አብሮ ሰጥቷታል ማለት ትችላላችሁ፣ ፋንታሲ ነው፣ ማንም አይከሳችሁም፣ ግን ያኔ የማን ቋንቋ ነው የገባባት፣ የማን ትዝታ ነው አብሮ የመጣው የሚለውን መመለስ አለባችሁ።

ዝም ማለት ደግሞ አለማወቅ አይደለም። የበርሊኑን ሃንስ የሚባለውን ፈረስ ሰምታችሁ ይሆናል፣ በ1900ዎቹ መጀመሪያ ሂሳብ ይሰራል ተብሎ አገር ጉድ አለ፣ ስንት ሲደመር ስንት ሲሉት በኮቴው መሬት እየመታ ይመልሳል። በ1907 ኦስካር ፕፉንግስት የሚባል ሰው አጣርቶ ውጤቱን አወጣ፣ ጠያቂው መልሱን የማያውቀው ከሆነ ፈረሱም አያውቀውም፣ ፈረሱ ሲያነብ የነበረው ቁጥር ሳይሆን ምቱ ትክክለኛው ቁጥር ላይ ሲደርስ ጠያቂው ሳያውቀው የሚያደርጋትን የጭንቅላት ንቅንቅ ነበር። ብዙ ሰው ይሄን ታሪክ የሚያወራው «አየህ፣ ፈረሱ ምንም አያውቅም ነበር» ለማለት ነው፣ ለኔ ግን ተቃራኒው ነው፣ ሰውየው ራሱ የማያውቀውን ንቅንቅ ያነበበ ፍጥረት ምንም አያውቅም ይባላል እንዴ? ባዝራዬ አሁን ስምንት ምእራፍ አንድም ቃል አትናገርም፣ ክፍል ውስጥ ማን እንደፈራ፣ ማን ሊነሳ እንደሆነ፣ ማን እየሳቀ እንደተናደደ ግን ከሁሉም ቀድማ ታውቃለች። የሰው ልጅ አጠገቧ ሲዋሽ አፉ አንድ ነገር ይላል ትከሻው ሌላ፣ ይሄ ነው የሚያሳብዳት።

«ተኩላ ብታደርጊው ይሻላል፣ አልፋ ይሆናል»

አይሆንም። የአልፋ (ተደባድቦ የመንጋው አለቃ የሚሆን ተኩላ) ወሬ የመጣው ከ1940ዎቹ ነው፣ ተመራማሪው ሩዶልፍ ሼንከል በ1947 ያሳተመው ታግተው የሚኖሩ ተኩላዎችን አይቶ ነው፣ በኋላ የተኩላ ተመራማሪው ዴቪድ ሜች በ1970 መጽሀፉ አለም ላይ በተነው። ራሱ ሜች ግን የዱር ተኩላዎችን ለአመታት ከተከታተለ በኋላ በ1999 አስተካክሎታል፣ የዱር መንጋ በአብዛኛው እናት፣ አባትና ልጆቻቸው ናቸው፣ ተደባድቦ ዙፋን የያዘ የለም። ስለዚህ ተኩላ ሰው ቢሆን ጡንቻውን እያሳየ አይዞርም፣ ልጆቼ የት ሄዱ እያለ ነው የሚፈልገው። ይሄኛውን ልቦለድ ማንበብ ደስ ይለኝ ነበር በእውነት።

«ክፉ ነገር ሲሰራ ያ የእንስሳው ደም ነው»

ወደ ቡልጋኮቭ ልመለስ፣ እሱ መጽሀፍ ላይ ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ጋር ነው። ውሻው ሰው ሲሆን ሰካራም፣ ተሳዳቢ፣ ሌባ አይነት ይሆናል፣ ስለዚህ «አየህ፣ ውሻ ውሻ ነው» ይባላል። መጽሀፉ ግን እንደዛ አይልም! ውሻው ገና ውሻ እያለ ርቦትም በርዶትም ቀልደኛና ልቡ ሩህሩህ ነው፣ ብልግናው የመጣው ፕሮፌሰሩ ከሞተ ሰካራም ወንጀለኛ ወስዶ ከሰካበት የሰው እጢ ነው፣ ፕሮፌሰሩም በኋላ የገባው ይሄ ነው፣ የሚያስፈራው የውሻ ልብ ሳይሆን የሰው ልብ መሆኑ። ድራፍት አንብበው «ባዝራዋ ሰው ስትረግጥ የአውሬነቷ ነገር ጥሩ ወጥቷል» ያሉኝ ሰዎች አሉ፣ ፈረስ እኮ ሳር በል ናት፣ ስትፈራ ትሸሻለች እንጂ መሸሻ እስካላጣች ድረስ አብዛኛውን ጊዜ አትረግጥም፣ ቂም መያዝና ቀን ጠብቆ መርገጥ ከማን ተማረችው ብዬ ብጠይቃቸው ዝም አሉ።

«መጨረሻ ላይ ወደ ድሮዋ መመለሷ አይቀርም»

የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ፣ አይደል? ይሄ ሀሳብ በጣም አሮጌ ነው፣ የኤዞፕ ተረት ላይ የግሪኳ የፍቅር አምላክ አፍሮዲት አንዲት እንስሳ (በጥንቱ ሙስቴላ የምትባል አይጥ አዳኝ ትንሽ አውሬ፣ ኋላ ላይ ድመት) ሴት ታደርግና ስታገባ ልትፈትናት አይጥ ትለቅባታለች፣ ሙሽሪት ከአልጋ ዘላ አይጧን ታሳድዳለች። በህንዱ ፓንቻታንትራ ደግሞ አይጥ የነበረች ልጅ ጸሀይን፣ ደመናን፣ ነፋስን፣ ተራራን አልፈልግም ብላ በመጨረሻ አይጥ ታገባለች። ሰው እነዚህን ሰምቶ ህግ ነው ብሎ ያዘ፣ ግን ልብ ብላችሁ ካያችሁ ሁለቱም ላይ ሴትየዋ እየተፈተነች ነው፣ ፈታኝ አለ፣ ማን እንደሆነች የሚወስነው ሌላ ነው። አይጥ ባይለቁባትስ? በሌላ በኩል ቻይናዊው ፑ ሶንግሊንግ የሰበሰባቸው ታሪኮች ውስጥ ሰው የሆኑ ቀበሮዎች ሞልተዋል፣ ከነሱ ውስጥ ከጎረቤቶቻቸው የተሻለ ታማኝና ደግ ሆነው የሚኖሩ አሉ።

«ሰው መሆን ሽልማት ነው»

አንደርሰን በ1837 የጻፈውን ግማሽ አሳዋን ልጅ ሁሉም ሰው በሰርግ አልቋል ብሎ ነው የሚያስታውሰው። በዋናው ታሪክ ምላሷ ተቆርጦ ነው እግር የምታገኘው፣ በእያንዳንዱ እርምጃ ስለት ላይ እንደምትሄድ ያማታል፣ ልኡሉም ሌላ ያገባል። ለእግሩ ከፈለች፣ ያገኘችው ግን ልኡሉን አይደለም።

የኔዋ አሁን ምእራፍ አስራ አንድ ላይ ናት። አልጋ ላይ መተኛት እምቢ ብላለች፣ ፈረስ ቆማ ስታንቀላፋ እግሯን የሚቆልፍላት ጅማት አላት፣ ድካም የለም፣ ሰው ደግሞ እሱ የለውም፣ እንቅልፍ ሲወስደው ጉልበቱ ይከዳዋል። አሳዳሪዋ ሴትዮ በየማታው አልጋውን ታነጥፍላታለች፣ እሷ በየማታው ግድግዳ ተደግፋ ትቆማለች። ትናንት ማታ ስጽፍ ለሶስተኛ ጊዜ ወደቀች፣ ወለሉ ላይ እንዳለች ነው የተውኳት።