የደመና ዓይነቶችና የሚያመለክቱት የአየር ጠባይ

በክረምት የጠዋት ሰማይ ጥርት ማለቱ ብቻውን አያስተማምንም። ረፋድ 4 ሰዓት ገደማ ጥጥ የመሰሉ ነጫጭ ደመናዎች ብቅ ብቅ ይላሉ። ኩሙለስ ይባላሉ፤ በላቲን ክምር ማለት ነው። ወርዳቸው ከቁመታቸው ከበለጠ ዝናብ አይሰጡም። ከቀትር በፊት እንደ ግንብ ሽቅብ ከቆሙ ግን ከሰዓት በኋላ ዝናብ ይጠበቃል።

ስሞቹን ያወጣው እንግሊዛዊው መድኃኒት ቀማሚ ሉክ ሃዋርድ ሲሆን፣ በ1802 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ባሰማው ንግግር ነበር። ስትራተስ ንጣፍ፣ ሲረስ የፀጉር ዘለላ፣ ኒምበስ ደግሞ ዝናብ ያዘለ ደመና ነው። የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት ዛሬ የሚጠቀምባቸው 10 ዋና ዋና ዓይነቶች የተገኙት ከእነዚህ ቃላት ነው፤ በመካከለኛ ከፍታ ላሉት ብቻ «አልቶ» የሚል ቅጥያ ተጨምሯል።

የተቆራረሰ ደመና ከፍታው በዓይን ግምት ስለሚያሳስት በእጅ መለካት ይሻላል። ከአድማስ በደንብ ከፍ ያለውን መርጦ ክንድን ሙሉ በሙሉ መዘርጋት ነው። አንዱ ቁራጭ ከትንሿ ጣት ወርድ ካነሰ ሲሮኩሙለስ፣ ከሦስት ጣት ከበለጠ ስትራቶኩሙለስ፣ በሁለቱ መሀል ከሆነ አልቶኩሙለስ ነው።

ከፍተኛዎቹ ደመናዎች የበረዶ ቅንጣት ናቸው። ስስ መጋረጃ የሚመስለው ሲሮስትራተስ በፀሐይ ወይም በጨረቃ ዙሪያ ሰፊ ቀለበት ይሠራል። በአውሮፓ ይህ ቀለበት ብዙ ጊዜ በአንድ ቀን ውስጥ ዝናብ እንደሚደርስ ያመለክታል። በእኛ አገር ግን ያን ያህል አይታመንም፤ ከፍ ብሎ የሚታየው ስስ ደመና ብዙውን ጊዜ ሌላ ቦታ ዘንቦ ካበቃ ደመና አናት ላይ ነፋስ የወሰደው ቅሪት ነው። አልቶስትራተስ ፀሐይዋን ያደበዝዛታል፤ መሬት ላይ ጥላ አይታይም። ወፍሮ ፀሐይዋን ጨርሶ ከሸፈነና ለሰዓታት ሳያቋርጥ ከዘነበ ኒምቦስትራተስ ሆኗል። ዝቅተኛው ስትራተስ ካፊያ ቢሰጥ ነው፤ መሬት ከነካ ጉም ይባላል።

የኩሙለስ ሥር ስንት ሜትር ላይ እንደሚሆን ማስላት ይቻላል። የአየሩ ሙቀትና እርጥበቱ ወደ ጤዛ የሚለወጥበት ሙቀት በ1 ዲግሪ ሲለያዩ የደመናው ሥር በ125 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። አዲስ አበባ ላይ ሙቀቱ 18፣ የጤዛው ነጥብ 12 ቢሆን ልዩነቱ 6 ነው፤ ሥሩ ከከተማው 750 ሜትር ገደማ በላይ ይሆናል። ከተማዋ ወደ 2,350 ሜትር፣ የእንጦጦ አናት ወደ 3,200 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆኑ ደመናው እንጦጦን ይሸፍነዋል።

በብርቱ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ኩሙለስ አድጎ ከሚሆነው ነጎድጓዳማ ደመና፣ ከኩሙሎኒምበስ ነው። ኩሙለስ አናቱ እንደ አበባ ጎመን ጉብ ጉብ ብሎ ጠርዙ እስከጠራ ድረስ ገና በማደግ ላይ ነው። ጠርዙ ደብዝዞ ጭረት ጭረት ሲያወጣ አናቱ ወደ በረዶ ተለውጧል፤ ቀጥሎ እንደ አንጥረኛ መስፍ ይንጣለላል። መብረቅ፣ በረዶና ውሽንፍር የሚመጡት ከዚህ ነው። ብዙ ሰው ግን የሚያየው የሥሩን መጥቆር ብቻ ነው። ጥቁረቱ የሚናገረው ውፍረቱን ስለሆነ በአናቱ መፍረድ ይሻላል። ከደመናው በኩል ድንገት ቀዝቃዛ ነፋስ ከነፈሰ የቀረው ጊዜ ደቂቃዎች ነው። ከብልጭታው እስከ ነጎድጓዱ ያሉት ሰከንዶች ለ3 ሲካፈሉ ርቀቱን በኪሎ ሜትር ይሰጣሉ። 30 ሰከንድ ካልሞላ ቤት መግባት፣ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላም 30 ደቂቃ መቆየት ያስፈልጋል። ዛፍ ሥር መጠለል አደጋ ነው።

ደመናው ከራስ በላይ ባይሆንም ችላ አይባልም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋን ሌሊት ያጥለቀለቀው የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ውሃ የመጣው ከላይ ከሐረርጌ ደጋ ነው። በደረቅ ወንዝ ዳር ያለ ሰው በተራራው በኩል የቆመ ኩሙሎኒምበስ ካየ ከወንዙ መራቅ አለበት።

በበጋ ነገሩ ይገለበጣል። በኅዳርና በታኅሣሥ ደጋ ላይ የሚያሰጋው ደመና አልባ ሌሊት ነው። ደመና የመሬቱን ሙቀት እንደ ብርድ ልብስ ይዞ ያቆያል፤ ማታ ሰማዩ ከጠራና ነፋሱ ከቆመ ሙቀቱ ያመልጥና ሊነጋጋ ሲል ውርጭ ይወርዳል። ቀድሞ የሚመታውም ቀዝቃዛው አየር ወርዶ የሚተኛበት የረባዳው ባቄላና አተር ነው።