ስዊች ኢንተርቫል ምንድን ነው?

ጅማ ላይ ለአንድ ቡና ነጋዴ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ የተሠራ ሰርቨር አለ እንበል። በአዝመራ ሰሞን ከማና፣ ከጎማ፣ ከሰቃ የገባው ቡና ሲመዘን ኪሎው ወዲያው በስልክ ይመዘገባል። ሒሳብ ሠራተኛዋ የወሩን ሪፖርት ባዘዘች ቁጥር ግን ሚዛኑ ጋ ያለው ልጅ ስልኩን እያየ ይቆማል። ማሽኑ 8 ኮር (ስሌት የሚሠራ የፕሮሰሰር ክፍል) አለው፤ 7ቱ ሥራ ፈትተዋል።

ነገሩ የሚመጣው ጊል (GIL) ከሚባለው የኢንተርፕሪተሩ (የፓይተንን ኮድ የሚያስኬደው ፕሮግራም) ቁልፍ ነው። በአንድ ፕሮሰስ (እየሠራ ባለ ፕሮግራም) ውስጥ የቱንም ያህል ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሄድ የሥራ መስመር) ቢኖር፣ የፓይተን ኮድ የሚያስኬደው ቁልፉን የያዘው አንዱ ብቻ ነው። ዳታቤዝ ወይም ኔትወርክ የሚጠብቅ ትሬድ ቁልፉን በራሱ ይለቃል፤ ስሌት ላይ የተጠመደው ግን ካልተጠየቀ አይለቅም። ስዊች ኢንተርቫል ተረኛው «ልቀቅ» ብሎ ከመጠየቁ በፊት የሚታገሠው ጊዜ ነው። ከፓይተን 3.2 (እ.ኤ.አ. 2011) ወዲህ መነሻው 5 ሚሊሰከንድ ነው። ቀድሞ በጊዜ ሳይሆን በባይትኮድ (ኮዱ የሚተረጎምበት የኢንተርፕሪተሩ ቋንቋ) ትእዛዝ ይቆጠር ነበር፤ በየ100ው።

5 ሚሊሰከንድ ምን አላት? ብቻዋን ምንም። የልጁ ምዝገባ ግን ዳታቤዙን 20 ጊዜ የሚያነጋግር ከሆነ፣ መልስ በመጣ ቁጥር ቁልፉን እንደ አዲስ መጠበቅ አለበት፤ 20 ጊዜ 5፣ 100 ሚሊሰከንድ በከንቱ ሄደ። ሁለት ሪፖርት አብሮ ከታዘዘ ደግሞ ይብሳል።

በኮዱ ውስጥ sys.setswitchinterval(0.001) ብለን ኢንተርቫሉን 1 ሚሊሰከንድ ብናደርገው (ቁጥሩ በሰከንድ ነው) ያ ብክነት ወደ 20 ሚሊሰከንድ ይወርዳል። ዋጋውን የሚከፍለው ሪፖርቱ ነው፤ ቁልፍ በመቀባበል የሚጠፋው ጊዜ ስለሚጨምር ይዘገያል። ቁጥሩን ከፍ ማድረግ ተቃራኒውን ያመጣል። በሲ (C) ቋንቋ የተጻፈና ቁልፉን የማይለቅ ረጅም የፈንክሽን ጥሪ፣ ለምሳሌ ትልቅ ዝርዝር መደርደር፣ እስኪያልቅ ማንንም አይሰማም፤ እዚያ ላይ የትኛውም ቁጥር አይረዳም።

እኔ ብሆን መጀመሪያ ሪፖርቱን ወደ ሌላ ፕሮሰስ አወጣዋለሁ። የራሱ ቁልፍ ይኖረዋል፣ ሥራ የፈቱት ኮሮችም ይነቃሉ። (ከ3.13 ጀምሮ ያለ ጊል የሚሠራ ፓይተንም አለ፤ የምትጠቀሙባቸው ላይብረሪዎች መደገፋቸውን ግን አስቀድማችሁ እዩ።) ፕሮሰስ ለመጨመር ራም ካልበቃ ያኔ ቁጥሩን ንኩት። ስትለኩም ሪፖርቱ እየሠራ ሳለ ይሁን፤ አማካዩን ትታችሁ በጣም የዘገዩትን ምዝገባዎች ተመልከቱ።