ኪዩሾኩ ምንድን ነው?

ኪዩሾኩ የጃፓን የትምህርት ቤት ምሳ ነው። የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ከቤት ምሳ ዕቃ ይዞ አይመጣም። ገንዘብ ይዞ ገብቶ የሚመርጥበት ካፌም የለም። ሁሉም ልጅ በዕለቱ የተሠራውን አንድ ዓይነት ምግብ እዚያው ክፍሉ ውስጥ፣ ከመምህሩ ጋር ቁጭ ብሎ ይበላል። የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሁሉም ማለት ይቻላል እንዲህ ነው የሚያበሉት።

ትምህርት ቤት የልጆችን ምሳ መቆጣጠር አለበት ወይስ የለበትም የሚለው ክርክር በየአገሩ አለ። እኔ ከኪዩሾኩ የበለጠ ጥብቅ ቁጥጥር አላውቅም። ግን ልብ በሉ፣ እዚያ የሚቆጣጠረው ራሱ አብሳዩ ነው።

ጅማሬው የድሃ ልጆች ረሃብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1889 በያማጋታ ግዛት፣ ጹሩኦካ በምትባል ከተማ፣ የቡድሃ መነኮሳት በቤተ መቅደሳቸው ውስጥ ለከፈቱት ትምህርት ቤት ድሃ ተማሪዎች ሩዝ፣ ጨዋማ ዓሣና የተቦካ አትክልት ማብላት ጀመሩ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አገሩ በሙሉ ሲራብ ደግሞ የእርዳታ ዱቄት ወተትና ከአሜሪካ ስንዴ የተጋገረ ዳቦ መጣ። በ1954 የትምህርት ቤት ምሳ ሕግ ወጣ። ሩዝ በይፋ ወደ ምሳው የገባው በ1976 ነው። የሩዝ አገር ሆኖ እስከዚያ ድረስ ልጆቹን በዳቦ ማሳደጉ ይገርመኛል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ምግቡን የሚያቅደው የሥነ ምግብ ባለሙያ ነው። አንድ ምሳ ልጁ በቀን ከሚያስፈልገው ምግብ ሲሶ ያህሉን እንዲሸፍን ይሰላል። ካልሲየም ሲሆን ግን ግማሹን መሸፈን አለበት፤ ወተት ከምሳው የማይጠፋው ለዚህ ነው። የወሩ ምግብ ዝርዝር ቀድሞ ለወላጅ ይላካል። ወጪውም ሕጉ ላይ ተከፋፍሏል፦ ወጥ ቤቱንና የሠራተኛውን ደመወዝ መንግሥት ይችላል፣ የአስቤዛውን ወላጅ ይከፍላል። ይህንንም ለወላጅ በነፃ ያደረጉ ከተሞች አሉ።

ምሳ ሰዓት ሲደርስ ተረኛ ልጆች ነጭ ሽርጥና ኮፍያ አድርገው ምግቡን ወደ ክፍል ያመጣሉ፣ ለጓደኞቻቸውም በጭልፋ ያድላሉ። ሲያበቃ ዕቃውን የሚመልሱትም እነሱ ናቸው። በ2005 በወጣው የምግብ ትምህርት ሕግ ምሳ እንደ አንድ የትምህርት ክፍል ነው የሚታየው። በዚያው ዓመት የሥነ ምግብ መምህር የሚባል ሙያ በትምህርት ቤቶች ተጀመረ።

እኔ ከሁሉም በላይ የምወደው ደንብ ሌላ ነው። ልጆቹ ከመብላታቸው ቢያንስ 30 ደቂቃ በፊት፣ አብዛኛውን ጊዜ ርዕሰ መምህሩ፣ ምግቡን ራሱ ይቀምሳል። ከየምግቡም ናሙና ተወስዶ ለሁለት ሳምንት በበረዶ ይቀመጣል፤ ልጅ ቢታመም ምንጩ እንዲታወቅ። ይህ ጥንቃቄ በዋዛ የመጣ አይደለም። በ1996 ሳካይ በምትባል ከተማ ከትምህርት ቤት ምሳ በተነሣ ኢኮላይ በሚባል ባክቴሪያ በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች ታመዋል፣ የሞቱም አሉ።

ለሁሉም አንድ ምግብ ማለት አደጋም አለው። እ.ኤ.አ. በ2012 ቶኪዮ አጠገብ ቾፉ ከተማ፣ የወተት አለርጂ ያለባት የ11 ዓመት ልጅ ለብቻዋ የተሠራላትን በላች። ድጋሚ ስትጠይቅ ግን አይብ ያለበት ተሰጣት። ሕይወቷ አለፈ። ለእንዲህ ያሉ ልጆች፣ ለሙስሊም ልጆችም ጭምር፣ ከቤት ምሳ እንዲያመጡ የሚፈቅዱ ትምህርት ቤቶች አሉ።

ጨርሰህ ብላ የሚባለውም ነገር አለ። ድሮ ሳህኑን ያልጨረሰ ልጅ ሌሎቹ ለጨዋታ ሲወጡ እሱ ምግቡ ፊት ተቀምጦ ይቀር ነበር። አድገው፣ ወልደው እንኳ ይህን በምሬት የሚያወሩ ብዙ ጃፓናውያን አሉ። ለእኔ ኪዩሾኩ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። ጤናማ ምግብ አብስሎ ማቅረብ የትምህርት ቤቱ ሥራ ነው። ስንት ጉርሻ እንደሚበቃው የሚያውቀው ልጁ ነው።

ወደ እኛ ስመጣ አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ነገር አያለሁ። ብዙ የግል መዋዕለ ሕፃናት የሳምንት የምግብ ፕሮግራም ይሰጣሉ፤ ሰኞ ፓስታ፣ ማክሰኞ ሩዝ እያለ ይሄዳል። ቺፕስ፣ ከረሜላና የታሸገ ጁስ አይፈቀድም። ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ እደግፈዋለሁ። ግን ገና ሳይነጋ ተነሥታ የምታበስለው እናት ናት፣ ወጪውም የቤቱ ነው። ትምህርት ቤቱ የሚያደርገው ክዳን ከፍቶ ማየት ብቻ ነው። ምሳ ዕቃው ውስጥ ያልተፈቀደ ነገር ቢገኝ ለወላጅ ደውሎ መነጋገር ይቻላል። ልጁን በጓደኞቹ ፊት ማሳፈር፣ ወይም ምሳውን መልሶ ጦሙን ማዋል ግን በምንም መልኩ ልክ አይደለም። ምሳ ዕቃውን ያዘጋጀው እሱ አይደለምና።

በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማ ደረጃ የተማሪዎች ምገባ አለ። ቁርስና ምሳ የሚያዘጋጁት መጋቢ እናቶች ናቸው። ይህ በመሠረቱ ኪዩሾኩ ነው፤ ልጁን የሚያበላው ትምህርት ቤቱ ነው። እንዳለ የማንቀዳው ነገርም አለ። ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ልጅ አለ፣ ረመዳን የሚጾም አለ፣ ሥጋ ከተዘጋጀ የማን ነው የሚለውም ጥያቄ አለ። ለሁሉም አንድ ሳህን የሚለው ደንብ እኛ ዘንድ ሊላላ ይገባዋል።

የቅምሻው ደንብ ግን በቀጥታ ሊወሰድ ይችላል። ርዕሰ መምህሩ በየቀኑ ቀድሞ ይቅመስ፣ መቅመሱንም መዝገብ ላይ ይፈርም። የወሩ ምግብ ዝርዝርም ወላጆች ባሉበት የቴሌግራም ግሩፕ ይላክ። ምሳ ላይ ምስር የበላ ልጅ ማታ ሌላ ነገር እንዲያገኝ እናቱ ማወቅ አለባት።