የምንወደውን የዶሮ ዝርያ ከእጃችን የሚያወጡ አመለካከቶችና እውነታው

አንድን የዶሮ ዝርያ ወድዶ ማርባት የጀመረ ሰው ከሦስትና ከአራት ዓመት በኋላ ግቢው በመልክም በጠባይም በማይገናኙ ዶሮዎች ተሞልቶ ያገኘዋል። በሽታ አልገባበትም፣ አውሬም አልበላበትም። ደህናውን አውራ አርዷል፣ ጎበዟን ጣይ ሸጧል፣ ለዘር የማይሆነውን አስቀርቷል። ይህን ሁሉ ያደረገው ሲነገር የሰማውን አምኖ ነው።

እኔ የማረባው ፕላይማውዝ ሮክ የተባለውን፣ ላባው በጥቁርና በነጭ መስመሮች የተሸለመውን ዝርያ ነው። አሜሪካ ውስጥ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ተመርጦ የወጣና እ.ኤ.አ. በ1874 በአገሪቱ የዶሮ ዝርያዎች መመዘኛ ውስጥ የገባ ነው። ምሳሌዎቼን በአብዛኛው ከእርሱ አመጣለሁ፤ አብዛኛው ነገር ግን ለሌላውም ዝርያ ይሠራል።

«ነጣ ያለው አውራ የተዳቀለ ነው»

ይህን ስሰማ በጣም አዝናለሁ፤ በዚህ ምክንያት ስንት ግሩም አውራ ታርዷል። ሰዎች ሴቶቹን ያያሉ፤ ጠቆር ያሉ ናቸው። ወንዱን ሲያዩት ግን ከሩቅ ግራጫ ይመስላል። «ይህ ሌላ ደም አለበት» ብለው ጠቆር ያለውን ወንድሙን ለዘር ያስቀራሉ።

በዶሮ ፆታን የሚወስኑት ዜድ እና ደብልዩ የሚባሉ ክሮሞዞሞች፣ ማለትም ዘረመልን የሚሸከሙ ክሮች ናቸው። ወንዱ ሁለት ዜድ አለው፤ ሴቷ አንድ ዜድና አንድ ደብልዩ። መስመሩን የሚያወጣው ዘረመል የተቀመጠው ዜድ ላይ ሲሆን፣ ሥራውም ላባው ሲያድግ ጥቁሩን ቀለም እያቋረጠ ነጭ መስመር ማስቀረት ነው። ንጹሑ ወንድ ዘረመሉን በእጥፍ ስለሚይዝ ነጩ ይሰፋበታል። ሴቷ አንድ ብቻ ስላላት ትጠቁራለች። ስለዚህ ከሴቶቹ ጋር ቁርጥ አንድ ዓይነት የሆነው ጠቆር ያለ አውራ ነው ሊያጠራጥረን የሚገባው። ምናልባት ዘረመሉን የያዘው በአንድ ወገን ብቻ ይሆናል፤ ከሆነም ከሴቶች ልጆቹ ግማሽ ያህሉ መስመር የሌላቸው ጥቁር ሆነው ይወጣሉ።

ልዩነቱ በተፈለፈሉበት ቀን እንኳ ይታያል። ጥቁሩ ጫጩት አናቱ ላይ ነጭ ነጥብ አለው፤ በወንዱ ላይ ሰፋ ብሎ ይበታተናል፣ በሴቷ ላይ ትንሽና የተሰበሰበ ነው።

«ንጹሕ ብትሆን ኖሮ ሴቶች ልጆቿ እርሷን በመሰሉ ነበር»

ባለ መስመሯ ዶሮ መስመር በሌለው ቀይ ወይም ጥቁር አውራ ስትሰረር ወንዶች ልጆቿ ባለ መስመር፣ ሴቶቹ ጥቁር ይሆናሉ። ጥፋቱ ወዲያው በእናቲቱ ላይ ይለጠፋል። እናት ግን ያላትን አንድ ዜድ የምትሰጠው ለወንድ ልጇ ነው፤ ለሴት ልጇ የምትሰጠው ደብልዩውን ነው፤ እዚያ ላይ ደግሞ መስመር የለም። ሴቷ ጫጩት መስመሯን የምታገኘው ከአባቷ ብቻ ነው። ዶሮዋን ከመሸጥ በፊት አባትየውን ማየት ይገባል።

«አንድ ጊዜ ሌላ አውራ የሰረራት ዶሮ ዘሯ ለዘለዓለም ተበላሽቷል»

አንድ ቀን አጥር ዘልሎ የገባ የጎረቤት አውራ ለስንት ንጹሕ ዶሮ መባረር ምክንያት እንደሆነ መቁጠር ያስቸግራል። ከሌላ አውራ ጋር መገናኘት በዶሮዋ ዘር ላይ የሚተወው ዘላቂ ነገር የለም። የሚቆየው የወንዱ ዘር ነው። ዶሮ በእንቁላል ቱቦዋ ውስጥ ይህን ዘር የምታከማችባቸው ጥቃቅን ቦታዎች አሏት፤ ከአንድ ስሪያ በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል፣ አንዳንዴም እስከ ሦስት ሳምንት ጽንስ ያለው እንቁላል ልትጥል ትችላለች። መፍትሔው ከዚያ አውራ መለየትና አራት ሳምንት መጠበቅ ነው። በመሐሉ የምትጥለው እንቁላል ለምግብ ይሁን። ከዚያ በኋላ የምታስፈለፍሏቸው ጫጩቶች አባት አብሯት ያለው የራሳችሁ አውራ ነው።

«እግሯ ደማቅ ቢጫ የሆነች ዶሮ ምርጥ ጣይ ናት»

ቢጫ ቆዳ ባላቸው ዝርያዎች ላይ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። እግሯንና ምንቃሯን ቢጫ የሚያደርገው ከመኖ፣ በተለይም ከቢጫ በቆሎና ከቅጠላ ቅጠል የምታገኘው ቀለም ነው። መጣል ስትጀምር ይህ ቀለም ወደ አስኳሉ ይሄዳል፣ ሰውነቷም ቀስ በቀስ ይገረጣል። የሚገረጣበትም ቅደም ተከተል አለው፦ መጀመሪያ እንቁላሉ የሚወጣበት ቀዳዳ ዙሪያ፣ ከዚያ የዓይኗ ጠርዝ፣ ከዚያ ጆሮዋ፣ ቀጥሎ ምንቃሯ፣ በመጨረሻ እግሯ። እግሯ እስኪገረጣ ድረስ ወራት ይፈጃል። መጣል ስታቆም ቀለሙ በዚያው ቅደም ተከተል ይመለሳል። ብዙ ወራት ስትጥል የቆየች ጎበዝ ዶሮ፣ ላባዋ የተጎሳቆለና እግሯ የነጣ ሆና ትገኛለች። ገዢ አይወዳትም። እኔ ግን ለእናትነት የምመርጣት እርሷን ነው።

መገርጣት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ የሆድ ትልም ያለባትም ትገረጣለች። ጉትዬዋ ቀይና ሞላ ያለ፣ ዓይኗ ንቁ፣ ከጭራዋ በታች ያሉት ሁለቱ ቀጫጭን አጥንቶች ተራርቀው ሁለት ሦስት ጣት የሚያስገቡ ከሆነ፣ የነጣችው በሥራ ነው።

ይህ ቢጫ ቆዳ ራሱ ደስ የሚል ታሪክ አለው። ቻርልስ ዳርዊን የቤት ዶሮ ሁሉ ከቀዩ የዱር ዶሮ ብቻ እንደመጣ ያምን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ የዘረመል ጥናት ግን ቢጫውን ቆዳ የሰጠው በሕንድ የሚኖረው ግራጫው የዱር ዶሮ መሆኑን አሳየ።

«ሾጣጣ እንቁላል ወንድ፣ ክብ እንቁላል ሴት ይወጣዋል»

አይደለም። ፆታውን የሚወስነው እናቲቱ የሰጠችው ዜድ ወይም ደብልዩ ነው፤ ይህም ቅርፊቱ ከመሠራቱ በፊት ያለቀ ነገር ነው። አንዲት ዶሮ ዘወትር ተመሳሳይ ቅርጽ ያለው እንቁላል እየጣለች ወንድም ሴትም ትፈለፍላለች።

«ወንድምና እህት ከተገናኙ ወዲያው ጉድለት ያለበት ይወለዳል» ወይም ደግሞ «ዶሮ ዘመድ አያውቅም፣ ግድ የለም»

ሁለቱም ስሕተት ናቸው፤ ሁለተኛው ግን ጉዳቱ ቶሎ ስለማይታይ ይብሳል።

የትኛውም ንጹሕ ዝርያ የተገኘው ዘመድን ከዘመድ በማገናኘት ነው፤ ያለዚያ አንድ ዓይነት መልክ ሊረጋ አይችልም። አንድ ጊዜ ወንድምና እህት ቢገናኙ ጫጩቶቹ ደህና መስለው ሊያድጉ ይችላሉ። ሆኖም እናትና አባታቸው ሙሉ ወንድምና እህት የሆኑ ጫጩቶች የዝምድና ልካቸው፣ ማለትም ከእናትና ከአባት የወረሱት ዘረመል የአንድ ቅድመ አያት ግልባጭ የመሆኑ ዕድል፣ 25 በመቶ ነው፤ እናትና አባታቸው በአንድ ወላጅ ብቻ የሚገናኙ ሲሆኑ 12.5 በመቶ። ይህ ትውልድ በትውልድ እየተደመረ ሲሄድ ቀድሞ የሚጎዳው ላባው ወይም ቁመናው አይደለም፤ የመፈልፈል አቅሙ ነው። ትናንት ከ12 እንቁላል 10 ጫጩት የሚያገኝ ሰው 8፣ ቀጥሎም 6 ያገኛል፤ ዶሮዎቹ ግን ለዓይን አሁንም ያምራሉ። ስለዚህ ሰውየው መፈልፈያ መሣሪያውን ይወቅሳል።

ይህን የፈራ ደግሞ በየዓመቱ ከማያውቀው ቤት አዲስ አውራ ያመጣል፤ የደከመበትን ምርጫም በአንድ ትውልድ ይበትነዋል። ለእኔ ትልቁ ስሕተት ይኸኛው ነው።

ከሁለቱም የሚያድን ቀላል ዘዴ አለ። መንጋውን ሀ፣ ለ እና ሐ ብሎ በሦስት ቤተሰብ መክፈል። ሴቶች ልጆች በእናታቸው ቤተሰብ ይቀራሉ። ወንዶች ልጆች ሁልጊዜ ወደሚቀጥለው ይሻገራሉ፤ የሀ ወንድ ወደ ለ፣ የለ ወንድ ወደ ሐ፣ የሐ ወንድ ወደ ሀ። ከየቤተሰቡ በየዓመቱ ምርጡን ብቻ እያስቀረን ብንሄድ ከውጭ ምንም ሳናመጣ ለብዙ ዓመታት መቆየት እንችላለን። ለአንድ አውራ 8 ወይም 10 ሴቶች ይበቃሉ። ተጠባባቂ አውራም ሊጠፋ አይገባም፤ ብቸኛው አውራ በአንድ ሌሊት የሞተበት ሰው ዓመቱ ባክኖበታል።

«ብዙ የምትጥለው የንግድ ዶሮ ልጇም እንደ እርሷ ትጥላለች»

እነዚህ ዶሮዎች የተለያዩ የዘር ሐረጎችን በማዳቀል የሚገኙ ናቸው። ጫጩቶቻቸው ይፈለፈላሉ፣ ያድጋሉ፣ ይጥላሉም፤ ግን የእናታቸው ጥምረት በልጆቹ ላይ ይበታተናል፣ አንዱ እንዲህ ሌላው እንዲያ ይሆናል። እንቁላል ለመብላት ጥሩ ናቸው። ዝርያ ለማቆየት ግን ከንጹሕ ዝርያ መጀመር ያስፈልጋል።

«የጣይ ዶሮ መኖ ለሁሉም ይሆናል»

የጣይ መኖ ለቅርፊት እንዲሆን ከ3.5 እስከ 4 በመቶ ካልሲየም ይይዛል። ለጫጩት የሚያስፈልገው 1 በመቶ አካባቢ ነው፤ ትርፉ ኩላሊቱን ይጎዳል። ለዘር የምትጥል ዶሮ ደግሞ ለገበያ ከምትጥለው የበለጠ ቪታሚን ትፈልጋለች። ሪቦፍላቪን (ቪታሚን ቢ2) ያነሳት እናት እንቁላሏ ለዓይን ምንም ሳይጎድለው ጽንሱ ውስጡ ይሞታል፤ የተፈለፈለውም ጣቱ ወደ ውስጥ የተጠቀለለ ይሆናል።

«ጫጩቱ ሲዘገይ ቅርፊቱን ልጦ ማውጣት ምሕረት ነው»

በመጀመሪያው ዓመት እኔም ይህን አምኜ አድርጌዋለሁ፤ እጄ ላይ ደም ፈስሶት የሞተውን ጫጩት እስካሁን አልረሳሁትም።

እንቁላሉ በ37.5 ዲግሪ ሙቀት 21 ቀን ይፈልጋል፤ እስከ 18ኛው ቀን በየዕለቱ ይገላበጣል፣ ከዚያ በኋላ አይነካም። ጫጩቱ ቅርፊቱን ከበሳ በኋላ እስከ 24 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። የተኛ ቢመስልም ሥራ ላይ ነው፦ በሳንባው መተንፈስ ይለምዳል፣ በውስጠኛው ሽፋን ላይ የተዘረጉት የደም ሥሮች ይደርቃሉ፣ የተረፈው አስኳል ወደ ሆዱ ይገባል። ቸኩለን ስንልጥ የምንቀድደው እነዚያን የደም ሥሮች ነው። «ይራባል፣ ይጠማል» ብሎ የመፈልፈያ መሣሪያውን ክዳን መክፈትም አያስፈልግም፤ ያ አስኳል ከተፈለፈለ በኋላ ሁለት ቀን ያህል ያቆየዋል። ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ግን እርጥበቱ ያመልጣል፣ ገና ያልወጡትም ሽፋኑ ደርቆ ይጣበቅባቸዋል። ሁሉም ወጥተው፣ ጠጉራቸው ደርቆ እስኪነሳ ድረስ ይዘጋ። የየቤተሰቡ እንቁላል ለብቻው ተከልሎ የተፈለፈለ ከሆነ፣ ሲከፈት መጀመሪያ የሚሠራው ጫጩቶቹ ሳይቀላቀሉ እግራቸው ላይ የሀ፣ የለ ወይም የሐ ምልክት ማሰር ነው።