ከጎንደር እስከ ጅግጅጋ፦ የአየር ርቀትና የበረራ ሰዓት

ጎንደርና ጅግጅጋ በአየር ቀጥታ መስመር ሲለኩ በ695 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። መነሻው አዘዞ ያለው የዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ነው፤ መድረሻው ደግሞ በሶማሌ ተረቶች ስሙ ደጋግሞ በሚነሳው በገራድ ዊልዋል የተሰየመው የጅግጅጋ ማረፊያ። ሁለቱም የ19ኛው ክፍለ ዘመን ገዢዎችን ስም ይዘዋል።

ካርታ ላይ ማስመሪያ ቢጋደም፣ መስመሩ ከጣና በስተምሥራቅ የደቡብ ጎንደርን ደጋ አቋርጦ በደሴ አቅራቢያ ያልፋል። ከዚያ ወደ አፋር ቆላ ይወርድና ድሬዳዋን በስተቀኝ ትቶ ጅግጅጋ ይገባል። መንገደኛው ግን በዚህ አይሄድም። ወደ ደቡብ በርሮ ቦሌ ይወርዳል፤ እዚያ አውሮፕላን ቀይሮ ወደ ምሥራቅ ይታጠፋል። ከጎንደር አዲስ አበባ 420፣ ከአዲስ አበባ ጅግጅጋ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ድምሩ 870 ገደማ ይመጣል። ዙሩ 175 ኪሎ ሜትር ጨመረ ማለት ነው።

በቦሌ በኩል መዞር ሁሉንም እኩል አይጎዳም። አክሱምና አርባ ምንጭ በቀጥታ 905 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ፤ ከጎንደርና ጅግጅጋ ይልቅ ሩቅ ናቸው። ሆኖም አዲስ አበባ ከመስመራቸው ብዙም ስለማትርቅ ጭማሪው 20 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም።

በሀገር ውስጥ መስመሮች ላይ በብዛት የሚታየው ባለ ሁለት ፕሮፔለሩ ኪው 400 ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2002 ዓ.ም. መረከብ ጀምሮ በፎከር 50 ቦታ ተካው። ከፍታውን ከያዘ በኋላ በሰዓት እስከ 660 ኪሎ ሜትር ድረስ ይበርራል። በዚህ ሒሳብ ጎንደር–አዲስ አበባ 40 ደቂቃ እንኳ ባልፈጀ ነበር፤ የጊዜ ሰሌዳው ግን አንድ ሰዓት ገደማ ይይዝለታል። ሰዓቱ የሚቆጠረው አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰበት ጊዜ አንሥቶ መድረሻው ላይ እስኪቆም ስለሆነ፣ በምድር ላይ የሚጓዘው፣ ሽቅብ የሚወጣውና ለማረፍ የሚዞረው ሁሉ ይደመራል። ርቀት አስሊ ድረ ገጾች በአንጻሩ ቀጥታውን መስመር ይዘው በጄት ፍጥነት ያካፍሉና ለመነሻና ለማረፊያ ግማሽ ሰዓት ያህል ጨምረው «1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ» ዓይነት መልስ ይሰጣሉ። ለዚህ መስመር አይሠራም፦ ቀጥታ በረራ የለም።

ሁለቱ በረራዎች ሲደመሩ ከሁለት ሰዓት ጥቂት ያልፋሉ። ቀኑን የሚበላው ቦሌ ላይ ያለው ጥበቃ ነው። የጠዋቱ በረራ ከጅግጅጋው ጋር ከገጠመ እኩለ ቀን ላይ መድረስ ይቻላል፤ ካልገጠመ ግን በአየር ላይ ከቆዩበት የሚበልጥ ሰዓት ወንበር ላይ ይቀመጧል።

በመኪና ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የዓባይን በረሃ ወርዶ መውጣት፣ አዋሽን መሻገር፣ ከሐረር በኋላም የካራማራን ተራራ ማለፍ ስላለ ሁለት ቀንም ላይበቃ ይችላል።

ትኬት ሲቆረጥ ሰዓቱ የሚጻፈው በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። 07:00 የሚል በእኛ ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ 13:00 የሚል ደግሞ ከቀኑ 7 ሰዓት ነው። የመጀመሪያውን እንደ ሁለተኛው አንብቦ አዘዞ የደረሰ ሰው አውሮፕላኑ ከሄደ ስድስት ሰዓት ይሆነዋል።