በዝናብ ወቅት ድርቆሽ መስራት ምንድን ነው? ይቻላል እንዴ?

ድርቆሽ ማለት ሳሩ ገና ሳያረጅ ታጭዶ፣ ደርቆ የሚቀመጥ የከብት መኖ ነው። ከጭድ ጋር የሚያምታቱት አሉ፣ ጭድ እኮ እህሉ ተወቅቶ የሚቀረው ነው፣ ምግብነቱ አይገናኝም።

ጣጣው ጊዜው ላይ ነው። ሱሉልታ ሜዳውን ያየ ያውቃል፣ ሳሩ አሪፍ የሚሆነው መስከረም ላይ ማበብ ሲጀምር ነው፣ ዝናቡ ግን ገና አልወጣም። ስለዚህ ብዙ ሰው ጥቅምት መጨረሻ ህዳር ድረስ ይጠብቃል፣ እስከዛ ሳሩ ዘሩን አራግፎ አገዳው ጠንክሮ ፕሮቲኑ ወርዷል፣ ከዛ በአይሱዙ ተጭኖ አዲስ አበባ ይገባል፣ ላሚቱ ትበላዋለች ወተት ግን የለም። እኔ ትንሽ ካፊያ የነካው ለጋ ሳር ቆሞ ካረጀው ይሻላል ባይ ነኝ፣ ካልሻገተ ነዋ።

ለምለም ሳር ከ75 እስከ 80 ፐርሰንቱ ውሃ ነው፣ ለመከመር ወደ 15 መውረድ አለበት። ስለዚህ ብራ ሲገኝ ሜዳውን ሙሉ ሳይሆን በሁለት ሶስት ቀን የሚደርቀውን ያህል ብቻ ጤዛው ሲረግፍ ማጨድ፣ ስስ አርጎ መበተን፣ በቀን ሁለቴ መገልበጥ፣ ማታ ወይ ሲደምን ሰብስቦ ትንንሽ ክምር ማድረግና ጠዋት መልሶ መበተን ነው። ገና እንደታጨደ የመጣ ዝናብ ብዙም አይጎዳም፣ ሊደርቅ ሲል የመጣው ነው ስኳሩን አጥቦ የሚወስደው። መሬቱ ረግረግ ከሆነ ሶስት እንጨት ጫፉን አስሮ ማቆም፣ አግዳሚ መስራትና ሳሩን እዛ ላይ መስቀል፣ ከስር አየር ይገባል ከላይ ውሃው ይንሸራተታል። ኖርዌይና ኦስትሪያ ድሮ እንዲህ ሰቅለው ነው ያደርቁ የነበረው።

መድረቁን ለማወቅ ቆረጥ ቆረጥ አርገህ ከደረቅ ጨው ጋር ክዳን ባለው ጠርሙስ ደህና አርገህ ነቅንቀው፣ ጨው ከተጓጎለ ገና ነው። ይህን ንቀው እርጥቡን የሚከምሩ አሉ፣ ክምሩ ውስጥ ባክቴሪያና ሻጋታ ሙቀት ይፈጥራሉ፣ ከሳምንታት በኋላ ማንም ክብሪት ሳይጭር ሊቃጠል ይችላል በእውነት። ባይቃጠል እንኳ ሻጋታው ላም ያስወርዳል፣ ብናኙ የሚያበላውን ሰው ሳንባ ይጎዳል።

ዝናቡ ጭራሽ ፋታ ካልሰጠ ማድረቁን ተወውና ሳይሌጅ (እርጥቡ ታሽጎ የሚብላላ መኖ) ስራ፣ ሳሩን ትንሽ አጠውልጎ ከትፎ ወፍራም ፕላስቲክ ውስጥ አየር እስኪያጣ ረግጦ ማሸግ ነው፣ ቢያንስ ለአንድ ወር ግን አትክፈተው።