ያላነበቡትን መጽሐፍ ስህተት ለሚነግሩኝ

ሥራዬ ለአንባቢ መጽሐፍ መጠቆም ነው። ስለ ቴክኖሎጂ፣ ስለ ፖለቲካ፣ ስለ አየር ንብረትና ስለ ማኅበረሰብ ምን እናንብብ ብለው የሚመጡ ብዙ ናቸው። ዝርዝሩን ሳቀርብላቸው ግን ግማሹን እዚያው ቆመው ይሰርዙታል፤ «ይህኛው ውድቅ ሆኗል»፣ «ያኛው ጊዜው አልፎበታል»፣ «ይህ ደግሞ የፖለቲከኞች ድርሰት ነው» ይሉኛል። አንብባችሁታል ወይ ስላቸው ወሬው ይቀየራል። አንብቦ መጥላት የማንም መብት ነው። ሳይከፍቱት መፍረድ ግን አሰልችቶኛልና ደጋግሜ ከምሰማቸው የተወሰኑትን ልመልስ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«የቴክኖሎጂ መጽሐፍ ሁለት ዓመት ካለፈው አይነበብም።» የስልክ አጠቃቀም መመሪያ ከሆነ እስማማለሁ። ማሽን ያስባል ወይ የሚለውን ክርክር መከታተል ለሚፈልግ ግን እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ አላን ቱሪንግ በ1950 ያሳተመውን ጽሑፍ የሚተካ አላገኘሁም። ቱሪንግ «ማሽኖች ያስባሉ» ብሏል የሚሉት ጽሑፉን አላዩትም። እርሱ ጥያቄውን ራሱን ለውይይት የማይበቃ ትርጉም የለሽ ነገር ነው ብሎ ወደ ጎን ካደረገው በኋላ፣ በምትኩ በጽሑፍ ብቻ የሚካሄድ የጥያቄና መልስ ጨዋታ ነው ያቀረበው። ቀጥሎም ዘጠኝ ተቃውሞዎችን እየዘረዘረ ለእያንዳንዳቸው መልስ ይሰጣል። ዛሬ እንደ አዲስ ግኝት የሚቀርቡልን መከራከሪያዎች አብዛኞቹ እዚያ ዝርዝር ውስጥ ተቀምጠዋል።

«ሉዳውያን ማሽን የሚጠሉ ኋላ ቀሮች ነበሩ።» ከ1811 ጀምሮ በእንግሊዝ የካልሲና የጨርቅ መሥሪያ ማሽኖችን የሰባበሩት በዚያው ሙያ የኖሩ ሠራተኞች ነበሩ። ጠባቸው ከደመወዝ ቅነሳና ከምርቱ መርከስ ጋር ነበር። መንግሥት በ1812 ማሽን መስበርን በሞት የሚያስቀጣ ወንጀል አደረገው።

«በ1970ዎቹ ሳይንቲስቶች የበረዶ ዘመን ይመጣል ብለው ነበር።» አንዳንድ ጋዜጦች ብለው ነበር። ከ1965 እስከ 1979 የታተሙ ጥናቶችን የቆጠረ፣ በ2008 የወጣ ግምገማ ግን ምድር ትቀዘቅዛለች ያሉ 7፣ ትሞቃለች ያሉ 44 ጥናቶች ነው ያገኘው።

«የአይፒሲሲን ሪፖርት የጻፉት ፖለቲከኞች ናቸው።» በ1988 የተቋቋመው ይህ የአየር ንብረት ለውጥ የበይነ መንግሥታት ፓነል የራሱን ምርምር አያካሂድም፤ የታተሙ ጥናቶችን ይገመግማል እንጂ። ምዕራፎቹን የሚጽፉት ሳይንቲስቶች ናቸው። መንግሥታት መስመር በመስመር የሚያጸድቁት ለፖሊሲ አውጪዎች የሚዘጋጀውን ማጠቃለያ ነው፤ በዚያም ሳይንቲስቶቹ አብረው ተቀምጠው ከምዕራፎቹ ጋር የሚጋጭ ነገር እንዳይገባ ይጠብቃሉ። ስለዚህ ማጠቃለያው ቢታማ ቢታማ ከመጠን በላይ በመጠንቀቁ ነው። «በሺህ የሚቆጠር ገጽ ማን ያነባል?» ለሚሉኝ ደግሞ፣ ከገጽ አንድ ጀምሩ ያላችሁ ማን ነው? በየምዕራፉ ተደጋግመው ለሚነሱ ጥያቄዎች የተሰጡ አጫጭር መልሶች አሉ። ከእነርሱ ጀምሩ፣ ወደ ማጠቃለያው እለፉ፣ ከዚያ የሚያሳስባችሁን አንድ ምዕራፍ ብቻ ክፈቱ።

«ሬቸል ካርሰን ዲዲቲን አሳግዳ ሚሊዮኖችን ለወባ ዳረገች።» ይህን የሚሉኝ ብዙውን ጊዜ የተማሩ ሰዎች መሆናቸው ይገርመኛል። ካርሰን አሜሪካዊት የባዮሎጂ ባለሙያና ጸሐፊ ነበረች፤ ዲዲቲም ተባይ ማጥፊያ ኬሚካል ነው። በ1962 የወጣው መጽሐፏ ፀረ ተባይ ሁሉ ይታገድ አይልም፤ ያለ ልክና ያለ ዕውቀት መርጨቱን ነው የሚያወግዘው። አሜሪካ በ1972 የከለከለችው የእርሻ አጠቃቀሙን ሲሆን፣ በ2001 የጸደቀው የስቶክሆልም ስምምነትም ዲዲቲ ለወባ ትንኝ መከላከያ እንዲውል በር ትቶለታል። እንዲያውም በገፍ ሲረጭ መድኃኒቱን የሚቋቋሙ ነፍሳት ይበዛሉ የሚለው ማስጠንቀቂያዋ ወባን ለሚዋጋ ሰው የሚረዳ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ንዴቴ ልምጣ። በ1972 የወጣ «የዕድገት ወሰኖች» የሚባል መጽሐፍ አለ። ስሙን ባነሳሁ ቁጥር «ነዳጅ በ1992 ያልቃል፣ ዓለም በ2000 ትፈርሳለች ያለው አይደለም እንዴ?» የሚል ሰው አይጠፋም። አይደለም።

መጽሐፉ ስለ ዓለም የወደፊት ዕጣ የሚመክሩ ምሁራንና ባለሀብቶች ባቋቋሙት ክለብ ኦፍ ሮም በተባለ ማኅበር ጥያቄ፣ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ዶኔላ ሜዶውስ፣ ዴኒስ ሜዶውስ፣ ዮርገን ራንደርስ እና ዊሊያም ቤረንስ ያዘጋጁት ነው። የሕዝብ ብዛትን፣ የኢንዱስትሪ ምርትን፣ ምግብን፣ ብክለትንና የማይተኩ የተፈጥሮ ሀብቶችን በአንድ የኮምፒውተር ሞዴል አስተሳስረው ከ1900 እስከ 2100 ያለውን ጉዞ በተለያዩ ግምቶች አሰሉት። ግምቱ ሲለወጥ ውጤቱም ይለወጣል። በአንዱ ሀብት እያለቀ ምርት ይወድቃል፤ በሌላው ሀብቱ ሲበዛ ብክለት ይቀድማል፤ በሌሎቹ ደግሞ ሕዝብና ምርት ተረጋግተው ይቀጥላሉ። አዎ፣ የማይወድቅ ዓለምም እዚያው መጽሐፍ ውስጥ አለ።

ታዲያ 1992 ከየት መጣ? መጽሐፉ ስለ ማዕድናት ክምችት አንድ ሰንጠረዥ አለው። ለነዳጅ ዘይት ሦስት ቁጥሮች ተሰጥተዋል። በጊዜው የታወቀው ክምችት በጊዜው በነበረው ፍጆታ ቢቀጥል 31 ዓመት ይቆያል፤ ፍጆታው በያዘው ፍጥነት እያደገ ቢሄድ 20 ዓመት፤ ክምችቱ አምስት እጥፍ ቢሆንና ፍጆታው እያደገ ቢሄድ 50 ዓመት። የሆነ ሰው 1972 ላይ 20 ደመረ፣ የቀሩትን ሁለት ቁጥሮች ተዋቸው፣ ሌላውም ከእርሱ ተቀብሎ አስተጋባ። የሰንጠረዡ ቁም ነገር ግን ቀኑ አይደለም። ፍጆታ በየዓመቱ በመቶኛ ሲያድግ፣ ክምችቱ አምስት እጥፍ ሆኖ እንኳ ዕድሜው ከ20 ወደ 50 ብቻ ነው የሄደው፤ ሁለት እጥፍ ተኩል። ይህን ሒሳብ አንዴ የተረዳ ሰው ስለ ውኃ ወይም ስለ መረጃ ማዕከላት የኤሌክትሪክ ፍጆታ ሲያነብ በቀላሉ አይታለልም።

ሌላም አለ። ደራሲዎቹ ግራፎቹን ሲያትሙ የቁመቱን መለኪያ ሆን ብለው አውጥተውታል፤ የጊዜውንም መስመር ደብዛዛ አድርገውታል። ምክንያታቸውንም እዚያው ጽፈዋል፤ ማሳየት የፈለጉት የአካሄዱን ጠባይ ነው። ቀን እንዳይነበብበት ተብሎ ከተሠራ ግራፍ ቀን አንብቦ፣ መልሶ በዚያ ቀን መጽሐፉን መክሰስ ድፍረት ይጠይቃል። አንድ ኢኮኖሚስት ወዳጄ በዚህ ጉዳይ አንድ ምሽት ሙሉ ሲሞግተኝ አመሸ። መጽሐፉን ሰጠሁትና ዓለም የምትፈርስበትን ዓመት ፈልግልኝ አልኩት። ገጾቹን ደጋግሞ ገለባበጠና «ታዲያ ሰው ሁሉ ለምን እንዲህ ይላል?» አለኝ። እኔን ነው የሚጠይቀው!

መጽሐፉ እንከን የለበትም አላልኩም። ዓለምን እንደ አንድ አገር ጠቅልሎ ስለሚያይ ሀብታሙንና ድሃውን አይለይም። ዋጋ ሲወደድ ሰው ቆጣቢ እንደሚሆንና ምትክ እንደሚፈልግም በቅጡ አያሳይም። ኢኮኖሚስቶች ያን ጊዜውኑ በዚህ ተችተውታል፤ ትችቱም ክብደት አለው። በዚህ የሚከራከረኝ ሰው ሲመጣ ወንበር አቀርብለታለሁ፤ ቢያንስ ከፍቶታል። ለሌሎቻችሁ ምክሬ አጭር ነው፤ መጽሐፍ ተሳስቷል ሲሏችሁ የገጹን ቁጥር ጠይቁ። ከዚያ የስሌቱን መነሻ የሚያብራራውን ምዕራፍ ከመደምደሚያው አስቀድማችሁ አንብቡ። በኋላ የታተመ እትም ካለ መቅድሙን አትዝለሉ፤ ደራሲዎች ለተቺዎቻቸው መልስ የሚሰጡት ብዙ ጊዜ እዚያ ነው።

«ሚዛናዊ ለመሆን ከየወገኑ አንድ አንድ አነባለሁ።» ጥሩ ሐሳብ ይመስላል፤ ግን ሁለት መጻሕፍት በርዕስ ስለተቃረኑ ብቻ እኩል አይመዝኑም። የሥነ ምኅዳር ባለሙያው ጋሬት ሃርዲን በ1968 ባወጣው ጽሑፍ የጋራ ግጦሽ መጥፋቱ አይቀርም አለ፤ መነሻው በሐሳብ የተሠራ ምሳሌ ነበር። ፖለቲካ ሳይንቲስቷ ኤሊኖር ኦስትሮም በ1990 ባሳተመችው መጽሐፍ በስዊዘርላንድና በጃፓን ተራሮች፣ በስፔንና በፊሊፒንስ የመስኖ ማኅበራት ሰዎች በራሳቸው ደንብ የጋራ ሀብታቸውን ለረጅም ዘመን እንዴት እንደጠበቁ በማስረጃ አሳየች። በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ሃርዲን ራሱ በ1998 «አስተዳዳሪ የሌለው» የጋራ ሀብት ማለት ነበረብኝ ብሎ አርሟል። ይህን እርማት ሳይሰሙ ዛሬም የ1968ቱን እንደ ሕግ የሚጠቅሱ አሉ።

ሁለቱን አንብቧቸው፤ የሃርዲንን አስቀድሙ፤ ስድስት ገጽ ገደማ ነው። የኦስትሮም የመጀመሪያዎቹ ሁለት ምዕራፎች በንድፈ ሐሳብ የታጨቁ በመሆናቸው ብዙ ሰው እዚያ ላይ ይተወዋል። ከሦስተኛው ምዕራፍ ጀምሩ፤ መንደሮቹ ያሉት እዚያ ነው። ወደ ኋላ በኋላ ትመለሱበታላችሁ።